ግጥም አይሆንልኝም ለምትሉ፦ የሚጥማችሁን ግጥም ማግኛ መንገድ

ልቦለድ ታነባላችሁ። ታሪክ ታነባላችሁ። መጽሔት ላይ ግጥም ሲመጣ ግን ዐይናችሁ ዘሎ ወደሚቀጥለው ጽሑፍ ይሄዳል። እንደዚህ ከሆናችሁ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያ ነበርኩ።

ትምህርት ቤት እያለን ግጥም የምናገኘው በፈተና መልክ ነበር። ዐሥራ ሁለት መስመር በቃል ያዝ። ክፍል ፊት ቆመህ በለው። ከዚያ «የግጥሙ መልእክት ምንድን ነው?» መልስ ስጥ። አንድ መምህራችን መልእክቱን የሳተ ተማሪ እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ ቆሞ እንዲቆይ ያደርጉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግጥም ባየሁ ቁጥር ልሳሳት ነው የሚል ስጋት ይይዘኝ ጀመር።

ወደ ግጥም የመለሰኝ ለቅሶ ቤት ነው። አጎቴ የሞተ ጊዜ ከገጠር የመጣች አክስቴ ሙሾ አወረደች። በሩ ሥር የቀረውን የአጎቴን ጫማ እያየች ጌታህን የት አድርሰህ ብቻህን ቀረህ ብላ ጠየቀችው። ሁለት ስንኝ ብቻ ነበር፣ ቤት የመታ። ቤት ሙሉ ሰው ተንሰቀሰቀ። መልእክቱ ምንድን ነው ያለ አልነበረም። ሁላችንም ገብቶናል። ለካ ግጥም መጀመሪያ የሚገባው በጆሮ ነው። እኔ ስፈልገው የኖርኩት በዐይኔ ነበር።

ከዚህ በታች ያለው መንገድ የመጣው ከዚያ ቀን ነው። በቅደም ተከተል ብትሄዱበት ጥሩ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ግን እባካችሁ አትዝለሉ።

1. በቃላችሁ ያለውን ቁጠሩ

«ግጥም አላውቅም» የሚል ሰው ሁሉ በቃሉ የያዘው ብዙ ስንኝ አለው። ቡሄን አስታውሱ። ነሐሴ ላይ ዱላ እየመታችሁ በየበሩ ስትዞሩ ምን ትሉ ነበር?

እዚያ ማዶ ጭስ ይጨሳል፣
አጋፋሪ ይደግሳል፣
ያችን ድግስ ውጬ ውጬ፣
ከድንክ አልጋ ተገልብጬ።

ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስጠናችሁም። ሰምታችሁ ያዛችሁት። አበባየሆሽም እንደዚያው ነው። እሹሩሩም፣ የሠርግ ዘፈኑም፣ ቀረርቶውም፣ ሽለላውም።

አንድ ወረቀት አውጡና ትዝ የሚላችሁን ስንኝ ሁሉ ጻፉ። ተራው ቢዛባ፣ አንድ ቃል ቢጎድል ግድ የለም። ከዚያ ወረቀቱን እዩት። የበዛው የቱ ነው? የሚያስቀው? የሚያስለቅሰው? የጀግንነቱ? የፍቅሩ? አንዲት ጓደኛዬ ይህን ስትሞክር የጻፈችው ሁሉ እንጉርጉሮ ሆኖ ተገኘ። ራሷን የምታየው ግን እንደ ተጫዋች ሰው ነበር። ስለዚህ ሐዘን ሐዘን የሚሉ ግጥሞችን ፈለግንላት። አሁን ከእኔ ይልቅ የምታነበው እሷ ናት።

ያቺ ወረቀት የመጀመሪያ ካርታችሁ ናት። አትጣሏት።

2. በጣታችሁ ጠረጴዛ ምቱ

አሁን የቡሄውን ስንኝ እንደገና በሉት። በእያንዳንዱ የድምፅ ምት ላይ ጠረጴዛውን በጣታችሁ መታ አድርጉ። «እዚያ ማዶ» አራት ምት ነው። «ጭስ ይጨሳል» አራት ነው። «አጋፋሪ» አራት፣ «ይደግሳል» አራት። የሥነ ግጥም ሰዎች እያንዳንዱን ምት «ቀለም» ይሉታል። ይህን አራት በአራት የሚሄድ አካሄድ ደግሞ ስሙን ከጭፈራው ወስደው «ቡሄ በሉ» ይሉታል።

አምስት በአምስት የሚሄደው «ሰንጎ መገን» ይባላል። ስድስት በስድስት የሚሄደው ደግሞ «የወል ቤት» ነው። ብዙው የሕዝብ ግጥማችን የሚሄደው በዚህ በወል ቤት ነው። ይህን ምቱት፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

«መቅደላ አፋፉ ላይ» ስድስት፣ «ጩኸት በረከተ» ስድስት። ጣታችሁ መጀመሪያ ቢደናገር አትጨነቁ። «መቅደላ» እና «አፋፉ» ሲገናኙ አንዱ «አ» ይዋጣል። ሳድስ ፊደሎችም አንዳንዴ ይዋጣሉ፣ አንዳንዴ ይነበባሉ። አፋችሁ ይህን ሕግ ያውቀዋል። ቀስ ብላችሁ በሉትና እሱን ተከተሉ።

ለምን ይህን አስቀደምኩ? ግጥም አይጥመኝም የሚሉ ብዙ ሰዎች ግጥምን እንደ ጋዜጣ ዜና በአንድ ትንፋሽ ነው የሚያነቡት። እንደዚያ የተነበበ ግጥም ያለ ዜማ እንደተነገረ ዘፈን ነው። ምቱን ያዙት። አንድ ግጥም ምቱ ከያዛችሁ ትርጉሙ ባይገባችሁም ደግማችሁ ታነቡታላችሁ። መፈለግ ያለባችሁም እንዲህ የሚይዛችሁን ነው።

3. ሁለተኛውን ስንኝ ጠብቁ

በሁለት ስንኝ የሚያልቅ የሕዝብ ግጥም ዱላው ብዙውን ጊዜ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። የመጀመሪያው ቦታውን ያዘጋጃል፣ ቤቱን ያበጃል። የመቅደላውን እንደገና እዩት። አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የገደሉት ሚያዝያ 1860 ነው። ስንኙ ስማቸውን አይጠራም። ንጉሥ ሞተ አይልም። «የሴቱን አናውቅም» ብሎ ቆም ይልና ከወንድ ወገን የሞተው አንድ ብቻ ነው ይላል። የቀረው ወንድ ሁሉ እዚያችው ላይ ተመዘነ። ይህን የገጠመ ሰው ስሙ የለም። ግን ከብዙ የታሪክ ምዕራፍ በላይ ልቤን የሚነካኝ ይህ ነው።

ሰምና ወርቅም፣ ማለትም ላይ ላዩ አንድ፣ ውስጡ ሌላ ትርጉም ያለው ስንኝ፣ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ቅኔ ሲባል ብዙዎቻችን የአብነት ትምህርት ቤት ይታየንና እጃችንን እንሰበስባለን። የግእዙን ቅኔ ለጊዜው ለባለሙያዎቹ እንተወው። በአማርኛ ግን እንዲህ የሚል የታወቀ ስንኝ አለ፦

እጸ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ሰሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። አዳም በላ፣ መድኃኔ ዓለም ተሰቀለ። ወርቁ የት ነው? «አዳም» አጠገብ «ከንፈርሽ» ተቀምጧል። «መድኃኔ ዓለም» አጠገብ «ልቤ» ተቀምጧል። ያጠፋው ከንፈሯ ነው፣ የከፈለው የእሱ ልብ ነው። «ተሰቀለልሽ» የሚለውን ደግሞ አስቡት። «ልብ ሰቃይ» እንላለን አይደል? ያው ልብ ነው የተሰቀለው። ይህን ስታገኙ ፈገግ ካላችሁ ሰምና ወርቅ ይጥማችኋል ማለት ነው። ፈገግ ካላላችሁም ችግር የለውም። ሌላ በር አለ።

4. ከምትወዱት ነገር ተነሡ

ይሄ ትልቁ እርምጃ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። «ግጥም ማንበብ ልጀምር» ይልና በቀጥታ ትልቅ ስም ያለውን መጽሐፍ ያነሣል። ከዚያ በሦስተኛው ገጽ ይቆማል። እናንተ ግን ከግጥም ውጪ ምን እንደምትወዱ ጠይቁና ከዚያ ተነሡ።

ታሪክ፣ ተረት፣ ወግ የምትወዱ ከሆነ ታሪክ የሚያወራ ግጥም ፈልጉ። ከበደ ሚካኤል ለዚህ ግሩም ናቸው። ለሞላ ወንዝ የሚዘፍን አዝማሪና እሱን አይቶ የሚጠይቅ መንገደኛ ያሉበት ግጥማቸው እንደ አጭር ልቦለድ ይነበባል። ቋንቋቸው ንጹሕ ነው። መዝገበ ቃላት አያስፈልጋችሁም። በቀልድ የሚወጋ ታሪክ ካማራችሁ ደግሞ የመንግሥቱ ለማን «ባሻ አሸብር በአሜሪካ» አንብቡ። በአገሩ የተከበረ ሰው አሜሪካ ሄዶ በቆዳው ቀለም ሲመዘን ምን እንደሚሆን ታያላችሁ። እየሳቃችሁ ጀምራችሁ ስትጨርሱ ዝም ትላላችሁ።

ስልክ ላይ አጫጭር ነገር ማንበብ የለመዳችሁ ከሆነ በዕውቀቱ ሥዩምን ሞክሩ። ጥቂት ስንኝ ብቻ ያሏቸው ግጥሞች አሉት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ አንዱን ትጨርሳላችሁ። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። አጭር ግጥም ሲያልቅ እንደገና መጀመር አይከብድም። ሳታውቁት ሦስት ጊዜ ታነቡታላችሁ።

ብቻችሁን መሆን፣ ዝምታ፣ ከራስ ጋር ማውራት የሚስማማችሁ ከሆነ ደበበ ሰይፉ አለላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነበር። ከመጽሐፎቹ የአንዱ ርእስ «ለራስ የተጻፈ ደብዳቤ» ነው። ርእሱ ብቻ እንዴት እንደሚነበብ ይነግራችኋል። ማታ፣ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ።

ሥዕል የምትወዱ ወይም ቤት መምታት የሚያሰለቻችሁ ካላችሁ ወደ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሂዱ። ሐረር የተወለደ ሠዓሊ ነበር። ግጥሙንም እንደ ሥዕሉ በቀለምና በቅርጽ ነው የሚሠራው። ስንኞቹ አንዳንዴ በጣም አጭር ናቸው። በ1973 አሜሪካ ውስጥ አረፈ። «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» የተባለው የግጥም መድበሉ የታተመው ከሞተ በኋላ ነው። ከአገር ውጪ ላላችሁ ደግሞ «ሀገሬ» የሚለው ግጥሙ አለ። ናፍቆት እንዲህ በቀላል ቃል ሲነገር ሌላ ቦታ አላገኘሁም። በተመሳሳይ መንገድ የሄደው ሰሎሞን ደሬሳ ነው። በ1963 የወጣው «ልጅነት» ያኔ ግጥም ቤት መምታት አለበት የሚለውን ልማድ ፊት ለፊት የገጠመ መጽሐፍ ነው። ቤት ያልመታ ነገር ግጥም አይደለም ብላችሁ ካደጋችሁ መጀመሪያ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል። ጊዜ ስጡት።

ዘፈን የምትወዱ ከሆናችሁ የምትወዱትን ዘፈን ግጥም ጸሐፊ ስም ፈልጉ። የአልበም ሽፋን ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዓለምፀሐይ ወዳጆን ብዙ ሰው የሚያውቃት ለድምፃውያን በጻፈቻቸው ግጥሞች ነው። ከዘፈኑ ተነሥታችሁ ወደ ግጥሞቿ መሄድ ትችላላችሁ። ዜማውን ስለምታውቁት ግማሹን መንገድ ተጉዛችኋል።

ስለ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ለብቻው ልናገር። በጣም ነው የምወደው። ግን በእሱ አትጀምሩ። «እሳት ወይ አበባ» በ1966 የወጣ መድበል ነው። እያንዳንዱ ስንኝ ታጭቋል። ከለመድነው ስድስት በስድስት ይልቅ ስምንት በስምንት እየሄደ የጻፈውን አካሄድ በስሙ «የጸጋዬ ቤት» ብለውታል። ረጅም ትንፋሽ ይፈልጋል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ሁለት ገጽ አንብቤ አስቀመጥኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነበው ሰማሁ። መጽሐፉን ያን ዕለት ማታ ነው ያወጣሁት። ስለዚህ ጸጋዬን መጀመሪያ ስሙት፣ ከዚያ አንብቡት።

5. ሦስት ጊዜ፣ ድምፅ አውጥታችሁ

አንድ ግጥም መረጣችሁ እንበል። አንድ ብቻ። እንዲህ አንብቡት።

መጀመሪያ ጊዜ ለምቱ ብቻ። ትርጉም አትፈልጉ። ያልገባችሁ ቃል ካለ እለፉት። ሁለተኛ ጊዜ ቀስ ብላችሁ። ስንኙ መሐል ላይ የምትተነፍሱበትን ቦታ ፈልጉ። ቦታው ከጠፋችሁ ምናልባት ሐረጉን የቆረጣችሁት ያለ ቦታው ነው። ሌላ ጋ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ «አልገባኝም» ያላችሁት ስንኝ ትንፋሹን ስታስተካክሉ ይገባችኋል። ሦስተኛ ጊዜ ለሰው። ለእናታችሁ፣ ለጓደኛ፣ ሰው ከሌለ ስልካችሁ ላይ ቅዱት። ለሰው ስታነቡ የትኛው ቃል ላይ ጫን እንደምትሉ ትመርጣላችሁ። ያኔ ነው ግጥሙ የእናንተ የሚሆነው።

አሁንም የከበደ ቃል ካለ ሰው ጠይቁ። በተለይ የቆዩ ቃላትን ትልልቅ ሰዎች ያውቋቸዋል። እኔ «አጋፋሪ» ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት አያቴን ጠይቄ ነው። ለስንት ዓመት ጮኬ ዘፍኜዋለሁ፣ ግብር ሲበላ እንግዳ እያስገባ የሚያስተናግድ ሹም መሆኑን ሳላውቅ።

6. ያልጣማችሁን ያለ ጸጸት ተዉት

የግጥም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አይነበብም። ከሃምሳ ግጥም አራት ከወደዳችሁ መጽሐፉ ጥሩ መጽሐፍ ነው። የቀሩትን እለፏቸው። ከዓመት በኋላ ስትመለሱ ሌሎች አራት ታገኛላችሁ።

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ደግሞ ብዙ ግጥም ይዘዋወራል። ሁሉንም ማንበብ ያደክማል፣ አድክሞም ግጥም ያስጠላል። እኔ ሁለት መፈተኛ አለኝ። አንደኛው፦ የሁለተኛውን ስንኝ የመጨረሻ ቃል በእጃችሁ ሸፍኑና ገምቱ። «ፍቅር» ብሎ «ምስክር»፣ «ዓለም» ብሎ «ሕልም» እያለ ሁልጊዜ ልክ ከሆናችሁ ገጣሚው ገና አላሰበበትም። ሁለተኛው ቤት ለማይመታው ነው፦ ስንኞቹን በአንድ አንቀጽ ቀጥላችሁ ጻፏቸው። ምንም ካልጎደለ መጀመሪያውንም ዝርው ጽሑፍ ነበር። ጥሩ ግጥም ግን እንደዚያ ሲቀጠል የሆነ ነገሩ ሲሞት ይሰማችኋል።

7. ከመግዛታችሁ በፊት ቆማችሁ አንብቡ

አዲስ አበባ ያላችሁ ወደ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ሂዱ። የግጥም መጽሐፍ አንሡና መሐሉን ግለጡ። መጀመሪያ ላይ ያለው ግጥም ሁልጊዜ የተመረጠ ነው፣ እሱን አትመኑት። መሐል ላይ ሦስት ግጥም አንብቡ። ከሦስቱ አንዱ ቆማችሁበት ከያዛችሁ ግዙት። መግዛት ካልቻላችሁ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክር አለ። አራት ኪሎ ላይ በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አለ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ድምፅ ማውጣት ስለማይቻል የወደዳችሁትን ግጥም ደብተር ላይ ገልብጡና ቤት ሄዳችሁ በሉት። በእጅ መገልበጥ ራሱ ማንበብ ነው።

8. ሰው ሲያነብ ስሙ

የግጥም ምሽት ካገኛችሁ ሂዱ። በአዲስ አበባ በራስ ሆቴል ለዓመታት የተካሄደው «ግጥም በጃዝ» የተባለው ምሽት ግጥም አንብበው የማያውቁ ስንት ወጣቶችን አዳራሽ አስገብቷል። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ዓለምፀሐይ ወዳጆ ያቋቋመችውን የጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከል ዝግጅት ጠይቁ። እዚያ ስትሄዱ ሁሉንም ለመውደድ አትጣሩ። አንድ ስንኝ ይዛችሁ ከወጣችሁ ይበቃል። የገጣሚውን ስም ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምመክራችሁ ግን አዝማሪ ቤት ነው። ዝም ብላችሁ ቁጭ በሉና ሰዎች «ተቀበል!» ሲሉ ስሙ። አንድ ሰው ከጠረጴዛው ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ መልሶ ይለዋል። ቤቱ የሚስቀው ሁለተኛው ስንኝ ላይ ነው። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ጓደኛውን «ምን ማለቱ ነው?» ይለዋል፣ ወርቁን ያገኘው ለሌላው ያስረዳል። እዚያ ጋ ስንት ሰው አለ ግጥም አልወድም የሚል። እስኪ ፊታቸውን እዩ።

እኔ አሁን የማደርገው ይህ ነው። በሳምንት አንድ ግጥም እመርጣለሁ። እሑድ ጠዋት ቡና እየተፈላ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ከዚያ በድምፅ ቀድቼ ሪያድ ለምትሠራው እህቴ በቴሌግራም እልክላታለሁ። እሷ እንኳን ግጥም ዘፈንም አታዳምጥም ነበር። መጀመሪያ ልብ ብቻ ትልክልኝ ነበር። ባለፈው የገብረ ክርስቶስን «ሀገሬ» ላክሁላት። ማታ ከሥራ ስትወጣ በድምፅ መለሰች። ራሷ አንብባዋለች። አንዱ ስንኝ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ከመጀመሪያው ጀመረችው።